የተዋሱት ድምፅ እና የነጠቁት ድምፅ

አንድ ሰው የራሱ ያልሆነ ቃል ከአፉ ሲወጣ ድምፁ የማን ነው? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ይመስላል እንጂ በየቀኑ የሚገጥመን ነው። ተዋናይ የነፍሰ ገዳይ ቃል ይናገራል። አስተርጓሚ የሌላውን ስድብ በራሱ አንደበት ያስተላልፋል። ጠበቃ በልቡ ያላመነበትን ይከራከራል። እኔ ጥያቄውን በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት ግን ብዙ ሰው «ጩኸት ነው» ብሎ በሚያልፈው ሙዚቃ ምክንያት ነው፤ በአንድ የሜታል ኦፔራ።

አቫንታሲያ ይባላል። «ዘ ሜታል ኦፔራ» የሚለው የመጀመሪያ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ሁለተኛው በ2002 ወጣ። ሥራው የቶቢያስ ዛሜት ነው፤ ኤድጋይ በሚባል ባንድ ይዘፍን የነበረ የጀርመን የፉልዳ ከተማ ልጅ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ገና 23 ዓመቱ ነበር። ሙዚቃው ፈጣን ከበሮ፣ የሚያጓራ ጊታር፣ ኦርኬስትራና ትልልቅ ኅብረ ዝማሬ ያለበት ነው። ለአዲስ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ጥድፊያ ብቻ ይመስላል፤ ሲለምዱት ግን አዝማቹ ከጭንቅላት አይወጣም። ከሌሎች አልበሞች የሚለየው አሠራሩ ነው። ታሪኩንና ዘፈኖቹን የጻፈው አንድ ሰው ሆኖ፣ ገጸ ባሕርያቱን ግን ከየሀገሩና ከየባንዱ የተጠሩ ተጋባዥ ድምፃውያን ይዘፍኗቸዋል። ዛሜት ራሱ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ገብርኤልን ይዘፍናል። የተቀረውን ለእንግዶች አደለው።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1602 በማይንትስ ከተማ ነው። ገብርኤል ላይማን በዶሚኒካን ገዳም በአመክሮ ላይ ያለ ወጣት ነው። ጠንቋይ የተባሉ ሴቶችን በማሳደድ ሥራ ይረዳል፤ ትክክል ነው ብሎም ያምናል። አንድ ቀን ከተከሳሾቹ መካከል አብራው ያደገችውን የእንጀራ እህቱን አና ሄልድን ያገኛታል። ከዚያ በኋላ የተከለከለ መጽሐፍ ያነባል፣ ራሱ ይታሰራል፣ እስር ቤት ውስጥ ሉጋይድ ከሚባል ሽማግሌ ጋር ይገናኛል፣ አምልጦም አቫንታሲያ ወደምትባል የምናብ ዓለም ይሄዳል። ድንክና የጫካ መንፈስ የሚመስሉ ፍጥረታትም አሉበት። የተረቱን ክፍል ለወዳጆቹ ልተወውና መጀመሪያው ላይ ልቁም፤ እህቱ ስትከሰስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠይቅ ልጅ።

አልበሙን ደጋግሜ ስሰማ የከበደኝ ነገር የአሳዳጆቹ ዘፈን ማማሩ ነው። «ዘ ግሎሪ ኦቭ ሮም» የሚለውን የሚዘፍኑት የአሳዳጆቹ ወገን ሰዎች ናቸው። አዝማቹ ሲመጣ እጄ ጠረጴዛ ይመታል፣ እኔም አብሬ እዘፍናለሁ። ደራሲው ክፉዎቹን በሻካራ ድምፅ ሊያዘፍናቸው፣ ዜማቸውን ሊያበላሽባቸው ይችል ነበር። አላደረገውም። ይህ ትክክል ነው ወይ? ሴቶችን ለሚያቃጥሉ ሰዎች ያማረ ዜማ ይሰጣል ወይ?

ይሰጣል እላለሁ። ሰው ተሰብስቦ ሌላውን ሰው ሲያሳድድ ከውስጥ የሚሰማው ስሜት አስቀያሚ አይደለም። ሽለላና ቀረርቶ የሰማ ሰው ይህን ለማወቅ ማይንትስ ድረስ መሄድ የለበትም። ደም የሚያሞቅ ዜማ፣ አብሮ የሚጮህ ሕዝብ፣ «እኛ» የሚል ኩራት። ክፋት ሁልጊዜ በመጥፎ ዜማ ቢመጣ ኖሮ ማንም አይከተለውም ነበር። በዚያ አዝማች እጄ ጠረጴዛ መምታቱ ስለ ራሴ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ይህን ከየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ አላገኘሁትም።

በዚያ ላይ ዘፋኞቹ እነማን እንደሆኑ ሲታይ ነገሩ ይጠልቃል። አሳዳጁን ጳጳስ ዮሐን ፎን ቢከንን የሚዘፍነው አሜሪካዊው ሮብ ሮክ ነው፤ የክርስትና እምነቱን በዘፈኖቹ በግልጽ የሚናገር ሰው። አማኝ ነው፣ ነገር ግን በእምነት ስም የሚያሳድድ ጳጳስ ሆኖ ይዘፍናል። ድምፁን አዋሰ እንጂ ራሱን አልሸጠም። ዘፈኑ ሲያልቅ ሮብ ሮክ ወደ ሮብ ሮክነቱ ይመለሳል፤ ስሙም በአልበሙ ላይ ከገጸ ባሕርይው ስም ጎን ተጽፏል። የሚያዳምጠው ሰው ሁለቱን አይቀላቅልም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ታዳሚ ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው እየተቀበለ በራሱ ድምፅ ያዜመዋል። ግጥሙ ጎን የተቀመጠውን ሰው የሚሸነቁጥ ሊሆን ይችላል። የተሸነቆጠው ግን ከአዝማሪው ጋር አይጣላም። ቃሉ የማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አዝማሪውም ባሪያ አይደለም፤ ያልወደደውን ያለዝበዋል፣ ያጣምመዋል፣ አንዳንዴም በሰጪው ላይ ይመልስበታል። ድምፁን ያዋሰ ሰው ይህን ያህል መላወሻ አለው።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ልለፍ፤ አልበሙ ወደሚተርክበት ዘመን።

ከአልበሙ አጫጭር ክፍሎች አንዱ «ማሌዩስ ማሌፊካሩም» ይባላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃይንሪኽ ክራመር የሚባል ዶሚኒካን የጻፈው መጽሐፍ ርእስ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጠንቋዮች መዶሻ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ «ጠንቋይ» የሚለው ቃላችን ያሳስታል። እኛ ጠንቋይ ስንል ሰው ገንዘብ ይዞ ሊያስጠነቁል የሚሄድበትን ባለሙያ ነው። ጀርመኖቹ «ሄክሰ» የሚሏት ግን ራሷ ሳትናገር ሌሎች «ናት» ብለው የሚወስኑባት ጎረቤት ነች። የመንደሩ ልጅ ሲታመም፣ ላም ወተት ስትነጥፍ፣ በረዶ ሰብል ሲመታ ስሟ የሚነሳ። ለእኛ የሚቀርበው ቃል «ቡዳ» ነው።

ችሎቱ የሚሄደው እንዲህ ነበር። በ1532 የወጣው «ካሮሊና» የሚባለው የቅዱስ ሮማ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የወንጀል ሕግ በግርፋትና በማሠቃየት የተገኘ ቃል ብቻውን እንዳይበቃ ይደነግጋል። ተከሳሿ ከማሠቃያው ክፍል ከወጣች በኋላ፣ በሌላ ጊዜ፣ ያለ ምንም ሥቃይ ቃሏን ደግማ ማጽናት አለባት። ወረቀት ላይ ሲታይ የሠለጠነ ሕግ ነው። ግን ቃሏን ካጠፈች እንደገና ወደ ማሠቃያው ትመለሳለች። በብዙ ቦታ ደግሞ ጥያቄዎቹ አስቀድመው በዝርዝር የተዘጋጁ ነበሩ። ከሰይጣን ጋር መቼ ተገናኘሽ? በጭፈራው ላይ ማንን አየሽ? መልሱ ጥያቄው ውስጥ አለ። እሷ የምትጨምረው ድምፅዋን ብቻ ነው፤ እና የጎረቤቶቿን ስም።

ሮብ ሮክን እና ይህችን ሴት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ሌላ ሰው የጻፈውን ቃል በራሳቸው ድምፅ ተናገሩ። ሁለቱም የሰይጣን ወገን የሆነ ሰው ቃል ተናገሩ። የሁለቱም ስም በቃሉ ጎን ተመዘገበ። ፊርማ ብትሉ የሴትዮዋም አለ፤ «በፈቃዷ አጽንታለች» የሚል መዝገብ። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

«እሺ ማለት» ነው ብለን እንዳንገላገል ሴትዮዋም እሺ ብላለች። ልዩነቱ ያለው እምቢ ብትል ሊመጣ በነበረው ነገር ላይ ነው። ሮብ ሮክ እምቢ ቢል ዛሜት ሌላ ድምፃዊ ይፈልጋል፤ ከዚያ የከፋ ነገር አይመጣም። ሴትዮዋ እምቢ ብትል ገመዱ ይጠብቃታል። ፈቃድ የሚለካው በእሺታው ጥራት ሳይሆን በእምቢታው ዋጋ ነው። ሶፍትዌር ስለምሠራ «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ ስንት ጊዜ በእጄ እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ቁልፉን ያልነካ ሰው ወደ የትም ማለፍ እንዳይችል አድርገህ ከሠራኸው በኋላ «ተስማምቷል» ብሎ መመዝገብ ምን ማለት ነው? ካሮሊና የደረሰባት ችግር ይኸው ነው። ፈቃድን መዘገበች፣ የእምቢታን መንገድ ግን ዘጋች።

ይህን ያየ ሰው በዚያው ዘመን ነበር፤ ያውም ከቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ። ፍሪድሪኽ ሽፔ ኢየሱሳዊ ካህን ነው፤ የመዝሙር ገጣሚም ነበር። በ1631 «ካውትዮ ክሪሚናሊስ» የሚል መጽሐፍ በላቲን ጻፈ። ክርክሩ አጭር ነው፦ ሥቃዩ ንጹሑንም ጥፋተኛውንም እኩል ያናግራል፤ እኛስ ጠንቋይ ነን ብለን ያልተናዘዝነው ስላልተሠቃየን ብቻ ነው። ላይብኒትስ እንደሚተርከው፣ ዮሐን ፊሊፕ ፎን ሾንቦርን የተባለ ወጣት ሽፔን ጸጉርህ ያለ ዕድሜህ ለምን ሸበተ ቢለው፣ ወደ እሳት የሸኘኋቸው ሴቶች ኀዘን ነው ያሸበተኝ አለው። ያ ወጣት በ1647 የማይንትስ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ በግዛቱም ይህ ዓይነቱ ችሎት እንዲቆም አደረገ። ገብርኤል የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ቢሆንም ከተማዋ የእውነት ነበረች፣ እውነተኛው ገብርኤልም ዘግይቶ መጣላት።

ሽፔ መጽሐፉን ያሳተመው ያለ ስሙ ነው። ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ከአልበሙ ጋር አለው። ሉጋይድን የሚዘፍነው ሚካኤል ኪስከ በ1993 ከሄሎዊን ባንድ ከወጣ በኋላ ከሜታል ርቆ ነበር። ለዛሜት ሊዘፍን ሲስማማ በመጀመሪያው አልበም ላይ የተጻፈው ስም «ኤርኒ» የሚል ነው። ሰሚው በድምፁ ወዲያው አወቀው፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ሰዎች ስማቸውን ያስቀሩበት ምክንያት አይመሳሰልም። አንዱ በዘፋኝነት ሕይወቱ ያለበትን አቋም ጠበቀ፣ ሌላው አንገቱን። የሚያመሳስላቸው ስማቸውን ያስቀረባቸው ሌላ ሰው አለመሆኑ ነው። ስምን ማኖርም ማንሳትም የባለድምፁ መብት ነው። ሴትዮዋ ግን በማትፈልገው ቃል ሥር ስሟ ተጣብቆ ቀረ።

ቡዳን ያነሳሁት ለማነጻጸሪያ ብቻ አይደለም። ሰው ታሞ «ቡዳ በላው» ሲባል የሚደረገውን ብዙዎቻችን አይተናል፣ ያላየን ሰምተናል። ይታጠናል፣ ጤና አዳም ይሸተታል፣ ዙሪያውን ሰው ይከበዋል። «ማን ነህ? የት አገኘኸው?» ይባላል። በሽተኛው ይለፈልፋል። «እኔ እገሌ ነኝ» ይላል፤ የሚናገረው እሱ አይደለም፣ የበላው ሰው በእሱ አንደበት ነው ይባላል። ስሙ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ ወይም ቤተ እስራኤል ነው። በጉልበቷና በእጇ ሙያ የምታድር፣ ማሰሮዋን የምንገዛት፣ ማዕዳችን ላይ ግን የማናስቀምጣት ጎረቤት።

እዚያ ቤት ውስጥ የተነጠቀው ድምፅ አንድ አይደለም። የበሽተኛው ድምፅ ተነጥቋል፤ በትኩሳትና በጭስ መሃል ከበውት የቆሙት ሰዎች የሚጠብቁትን ስም እስኪጠራ አይለቁትም። የዚያች ሸክላ ሠሪ ድምፅም ተነጥቋል። እሷ ቤቷ ጭቃ እያቦካች ነው፤ እዚህ ግን «እኔ ነኝ የበላሁት» ብላ ተናዛለች። አፏን ሳትከፍት ተናዘዘች። የጀርመኖቹ ችሎት ቢያንስ ተከሳሿን ፊት ለፊት ያቆማት ነበር። የእኛው ያንንም አላስፈለገውም። ሰዎቹ ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም፤ ልጃቸው የታመመባቸው ሰዎች ናቸው። ያማረ ዜማ ያልኩት ይህንኑ ነው። ከውስጥ ሲታይ ሁሉም የሚያደርገው በፍቅር ነው።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ነው» ለሚለኝ ከራሴ ሥራ አንድ ነገር ልንገረው። የምሠራበት ቡድን ለአንድ ደንበኛ ድርጅት የስልክ መልስ መስጫ ይሠራ ነበር። አንዲት ድምፅዋ የሚያምር ሴት «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች ቀድታ ተከፍሏት ሄዳለች። በኋላ ደንበኛው አዲስ ሐሳብ አመጣ። በዚያው ቅጂ ላይ ኮምፒውተሩን እናሠልጥነውና ድምፅዋ የፈለግነውን ሁሉ ያንብብልን፤ የዕዳ ማስጠንቀቂያውንም ጭምር። ቴክኒኩ አይከብድም። «ተጠይቃለች?» አልኩ። «ተከፍሏታል'ኮ!» ተባልኩ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ ተደወለላት። አብዛኛውን በደስታ ፈቀደች፣ ክፍያውን ተደራደረች፤ የዕዳውን ግን እምቢ አለች። «እኔ ሰው አላስፈራራም» ነው ያለችው። ለዚያ ሌላ ድምፅ ተፈለገ፣ ማንም አልተጎዳም። ሳትጠየቅ ቢሠራ ኖሮ ግን የማታውቀው ሺህ ሰው በእሷ ድምፅ ተስፈራርቶ ይውል ነበር፤ እሷ ገበያ ላይ ሽንኩርት እየመረጠች።

እምቢ ማለቷን ስሰማ ሮብ ሮክ ትዝ አለኝ። እሱ ጨካኝ ጳጳስ ለመሆን ፈቀደ፤ እሷ ዕዳ ሰብሳቢ ለመሆን አልፈቀደችም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ድምፅን ለክፉ ገጸ ባሕርይ ማዋስ ነውር አይደለም። ልዩነቱ የዘፈኑ ሰሚ ይህ ኦፔራ መሆኑን ያውቃል፣ የስልኩ ሰሚ ግን አንዲት ሴት የምር እያስፈራራችው እንደሆነ ያስባል። ስለዚህ ከእምቢታው ዋጋና ከስሙ ባለቤትነት ቀጥሎ ሦስተኛ መለኪያ አለ፦ ቃሉ የተዋሱት መሆኑን ሰሚው ያውቃል ወይ? ችሎቱም፣ የጢስ ቤቱም፣ ያልተጠየቀችበት ኮምፒውተርም እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ሦስቱም «ይኸው፣ ራሷ ተናገረች» ይላሉ።

በዚህ መለኪያ አልበሙንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ዮሐን አዳም ፎን ቢከን በእውነት የነበረ የማይንትስ ሊቀ ጳጳስ ነው። በአልበሙ የሚዘፍነው ጳጳስ ክሌመንት 8ኛም በእውነት የነበረ የሮም ጳጳስ ነው። ሙታን እምቢ ማለት አይችሉም። ዛሜት ያላሉትን አዘፈናቸው፣ በምናብ ዓለም ውስጥ ሴራ አሴራቸው። ነጠቃቸው ማለት ነው? የክሌመንት ጠበቃ ብሆን ለመሟገት እቸገራለሁ፤ ጆርዳኖ ብሩኖ በ1600 በሮም የተቃጠለው በእሱ ዘመን ነው። ሆኖም ግፈኛም ቢሆን ያላለውን ብሏል አይባልም። የሚያድነው ሽፋኑ ላይ «ኦፔራ» ተብሎ መጻፉ ነው። ድንክ በሚዘፍንበት ታሪክ ውስጥ ጳጳሱ የተናገረውን እንደ ታሪክ ማስረጃ የሚይዝ የለም።

የበለጠ የሚከብደኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ታሪኩ ሁሉ የሚንቀሳቀስባት አና ሄልድ ናት። የምትዘፍናት ሆላንዳዊቷ የዊዚን ቴምፕቴሽን ድምፃዊት ሻሮን ደን አዴል ናት፤ ድምፅዋ የሚያባባ ነው። ግን በመጀመሪያው አልበም አናን የምንሰማት «ፌርዌል» በሚለው ዘፈን ውስጥ ነው። የቀረውን ሰዓት ወንዶቹ ስለ እሷ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ እውቀት ይዘፍናሉ። አሳዳጆቹ ሙሉ አዝማች አላቸው፤ ተከሳሿ የስንብት ድርሻ ብቻ። ለአሳዳጅ ያማረ ዜማ መስጠቱን ደገፍኩ፤ ነገር ግን ይህ የሚያምረው ተከሳሿም ራሷን ችላ የምትቆምበት ዜማ ሲኖራት ነው። አለበለዚያ ሰሚው ይዞ የሚሄደው የአሳዳጆቹን አዝማች ይሆናል።

ይህም ከታሪክ መዝገቡ ጋር ሳይታሰብ ገጠመ። በዛሜት የትውልድ ከተማ በፉልዳ፣ የአልበሙ ታሪክ ከተጀመረበት አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1603 ሜርጋ ቢን የምትባል ሴት ታሰረች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ባሏ በሽፓየር ለነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ቢልም አላዳናትም። ሁለተኛ ባሏንና ልጆቿን ገድያለሁ፣ ጽንሱም የሰይጣን ነው ብላ እንድትናዘዝ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በእሳት ተቃጠለች። የከሰሳት ዳኛ ባልታዛር ኑስ በኋላ ራሱ ታስሮ በ1618 አንገቱ ተቀላ። ሜርጋ ቢን ተናገረችው ተብሎ የተላለፈልን ቃል ያ ኑዛዜ ነው። ቃሉ የኑስ ነው፤ የእሷ ድምፅ ብቻ ነበር። የእሷ ቃል ምን እንደነበር ዛሬ ጠይቀን አንደርስበትም። ልናደርግ የምንችለው በስሟ የተጻፈውን ስናነብ «ራሷ ተናገረች» አለማለት ነው።